ድንጋዩ ከትከሻ የወረደ ዕለት

ባለፈው ወር ከኮንዶሚኒየማችን ፊት ለፊት መንገድ ሲቆፍሩ አንድ ረጅም የዛገ ቧንቧ ወጣ። የምኖረው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ስለሆነ ከበረንዳዬ ሆኜ ሁሉን አያለሁ፤ ሰማንያን ካለፍኩ ወዲህ ከማየት የተሻለ ሥራም የለኝም። የሰፈሩ ጎረምሶች ቧንቧውን ከበው ቆሙ። አንደኛው በድንጋይ መታ መታ አደረገና፣ «የጣሊያን ነው ጀለሴ፣ ድምፁን ስማው! የኛ ቢሆን ይሄኔ ወንፊት ሆኗል» አለ። «ጣሊያንማ ሲሠራ ከልቡ ነው» አለ ሌላው። ከልቡ! በትሬን ይዤ ወርጄ በዚያው በትር ጀርባ ጀርባቸውን ልላቸው ከጀለኝ፤ ደረጃውን ሳስበው ተውኩት። ልጆቹስ ምን ያድርጉ፣ የነገራቸው የለም። እንግዲያው ለእናንተ ልንገራችሁ፣ የካሚዮን ድምፅ በሰማችሁ ቁጥር ወደ ጓዳ ትሮጡ ለነበራችሁ እኩዮቼ። የቀራችሁት ጥቂት ብትሆኑም የምለው ይገባችኋል።

ያን ጊዜ ልደታ ከተማም ገጠርም አልነበረችም። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ እስከ ወንዙ ድረስ ጎመን፣ ጌሾና ባሕር ዛፍ ነው። በየመሃሉ የሣር ቤቶች ተራርቀው ተቀምጠዋል። ጠዋት ከቤት ስትወጡ የአዛባ ሽታና የባሕር ዛፍ ቅጠል ጭስ ተቀላቅለው ይቀበሏችኋል። ተክለ ሃይማኖት ድረስ የሚሄድ ሰው «ከተማ ልወጣ ነው» ብሎ ልብሱን ይቀይር ነበር። ውሃ የምንቀዳው ከወንዙ ዳር ካለች ምንጭ ነው፤ በእንስራ ተሸክመን ዳገቱን ስንወጣ ጀርባችን ይርስና ቤት ስንደርስ ግማሹ ውሃ እኛው ላይ ቀርቶ እንሰደብ ነበር።

መጀመሪያ የመጡት ችካሎቹ ናቸው። በመስከረም ማለቂያ አንድ ቀን ጠዋት ብንነሣ ከምዕራብ በኩል፣ ከተራራው ሥር ጀምሮ፣ ጫፋቸው ነጭ ቀለም የተቀባ ችካሎች በየሰው ማሳ ውስጥ ቀጥ ብለው ተሰልፈው መጡ። መነጽር ያደረገ አንድ ቀጭን መሐንዲስ ባለ ሦስት እግር መሣሪያ ይተክልና በአንድ ዓይኑ ያጮልቃል፣ እጁን ያወዛውዛል፣ ችካል ይመታል። ውሃውን ከተራራው ጠልፈው ፈረንጆቹ አዲስ ወደሚሠሩት ሰፈር ሊወስዱት ነው ተባለ። በማሳችን ያልፋል እንጂ ለእኛ ጠብ የምትል የለችም። እኛ ልጆች ግን የቧንቧው ነገር ምን ገዶን! ችካሎቹን ለአባሮሽ አደረግናቸው፤ ችካል የነካ አይያዝም። እኔ በሰፈሩ የታወቅሁ ሯጭ ነበርኩ። ወንዶቹ እንኳ አይደርሱብኝም፤ ሲያቅታቸው ጉንጉኔን ይጎትታሉ እንጂ።

ጥቅምት ላይ ቧንቧዎቹ ደረሱ። በካሚዮን አምጥተው ሜዳው ላይ አራገፏቸውና ጸሐይ ሲመታቸው የተቀቡት ሬንጅ ይሸት ጀመር። ያ ሽታ አሁንም አስፋልት ሲነጠፍ ያመኛል፤ ያኔ ግን ደስ ይለን ነበር። አንዱ ልጅ በአንዱ ጫፍ ይገባና በሌላው ጫፍ ስሙን ሲጠሩት ድምፁ የዲያቆን ድምፅ መስሎ ይወጣል። ፊደል የሚያስቆጥሩን የኔታ፣ «በሰው ጉሮሮ ውስጥ ምን ትሠራላችሁ፣ ኋላ ይውጣችኋል» እያሉ በአለንጋ ያስወጡን ነበር። እኛም ወጥተን እሳቸው ዞር ሲሉ ተመልሰን እንገባለን።

ቤታችን በችካሎቹ መስመር ላይ ነበር። አንዱ ችካል ከበራፋችን፣ ቀጣዩ ከጓዳችን ጀርባ ተተከለ። በሁለቱ መካከል እናቴ ተኝታለች፤ የወለደችው በዚያው ወር ነው። አባቴ በየካቲት፣ ከተማው በደም የታጠበ ጊዜ፣ ጠዋት ወጥቶ አልተመለሰም። ሬሳውም አልተገኘም። እናቴ ማርገዟን እንኳ ሳትነግረው ነው የሄደው። እንግዲህ ያቺ ሕፃን ከአባቴ የተረፈችን የመጨረሻ ነገር ነበረች። የአባቴ አባት፣ አያቴ አባባ ደስታ፣ ሲያዩዋት «አፍንጫው ይኸው ተመልሶ መጣ» አሉና ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። አያቴ የበቅሎ ኮርቻ ሠሪ ነበሩ። ከኮርቻው ይልቅ ግን የሚታወቁት በአስታራቂነታቸው ነው፤ ባልና ሚስት ቢጣላ፣ ወንድማማች በድንበር ቢካሰስ፣ «አባባ ደስታን ጥሩ» ይባላል።

ኅዳር በገባ በሁለተኛው ቀን የመሐንዲሱ አስተርጓሚ መጣ። ወጣት ነው፤ ጫማው ያብረቀርቃል፣ አማርኛው ማር ነው። አራስ ቤት መሆኑን ሲያውቅ ከደጅ ቆመ፤ ሥርዓት ያውቃል።

«አባባ፣ ሦስት ቀን ተሰጥቷችኋል። ቤቱ ይነሣል» አለ።

«ልጄ፣ አራስ አለችብን እኮ» አሉት አያቴ።

«አራስ ካርታው ላይ የለችም፣ አባባ» ብሎ ሄደ።

እናንተ ታውቃላችሁ፣ የሴት ልጅ ክርስትና ሰማንያ ቀን ነው። እስከዚያ ሕፃኗ ከቤት አትወጣም፤ እናቲቱንም ብርድ አያገኛትም፣ ብቻዋን አትተውም፣ ከራስጌዋ ቢላ አይነሣም። የኅዳር ጠዋት ደግሞ የልደታን ሜዳ ጨው የተነሰነሰበት ያስመስለዋል። ቢሆንም ምን ይደረግ? ጌጃ ሰፈር የምትኖረው አክስቴ ቤቷን አመቻቸች። በሦስተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ ጸሐይዋ ሞቅ ስትል፣ አራት ጎረቤቶች እናቴን በቃሬዛ ተሸክመው በጃንጥላ ሸፍነው ሊወስዷት ተስማሙ። ሁለቱን ቀን ዕቃ ስናጓጉዝ ዋልን። ወፍጮው ሄደ፣ ጋኑ ሄደ፣ የአባቴ ጋሻ በሰሌን ተጠቅልሎ ሄደ።

አያቴ ግን አላስቻላቸውም። «ሰው ሳይለመን እንዴት ይፈረድበታል?» ይሉ ነበር። «ለምነነው እምቢ ይበል። ያኔ ለፈጣሪ እንሰጠዋለን።» የኛን አለማመን እናንተ አታጡትም፤ ለልጅ ልጆቼ ግን ስነግራቸው ይስቃሉ። ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ ከተቀየመው ሰው ፊት ይቆማል። ያ ሰው «ጣለው» እስኪለው ድረስ ቀና አይልም፣ ድንጋዩንም አያወርድም። «ጣለው» ካለ ግን አለቀ፤ ምሬሃለሁ ማለት ነው። ደም የተቃቡ ሰዎች እንኳ ከዚያ በኋላ አንድ ገበታ ይቀርባሉ። አያቴ በዘመናቸው ስንቱን ገዳይ እንዲህ አስምረዋል። መሐንዲሱን የበደለው ማንም የለም፣ እንዲያውም በዳዩ እሱ ነበር። አያቴ ግን፣ «ጉልበት ያለውን የሚለምን ተበዳይ ነው፤ ተበዳይነት ደግሞ ኩነኔ የለበትም» አሉ።

የነፍስ አባታችን አባ ኃይሌ አብረዋቸው ሊሄዱ ተነሡ። ከወሎ መጥተው ከአጠገባችን የሚኖሩት ሸማኔው ሼህ ይመርም የጀመሩትን ጥበብ ሽመና ጉድጓዳቸው ላይ ትተው ብቅ አሉና፣ «ልመና ሃይማኖት የለውም፤ እኔንም ቁጠሩኝ» አሉ። ልመናቸው ትልቅ አልነበረም። ቧንቧው በቤታችን ጎን አሥር እርምጃ ጎበጥ ብሎ ይለፍ፤ ይህም ካልሆነ ልጅቱ ክርስትና እስክትነሣ ይታገሱን። ይኸው ነው። ሦስቱም ከወንዙ ዳር ድንጋይ መረጡ። አያቴ ትልቁን አነሡ፣ «ልመናው የኔ ስለሆነ ሸክሙም የኔ ይክበድ» ብለው። ሁለት እጃቸው ድንጋዩን ስለያዘ በትራቸውን እኔ ይዤላቸው ተከተልኩ።

የመሐንዲሱ ድንኳን ሜዳው መካከል ነበር። ቀኑ ሦስተኛው ነው፣ ሰዓቱ ረፋድ። ሦስት ሽማግሌ ነጭ ለብሶ፣ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ ሲመጣ አስካሪዎቹ፣ ለጣሊያን ያደሩት ጥቁር ወታደሮች፣ ይደነግጣሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። ማንም አልደነገጠም። ቀና ብለው አዩንና ወደ ሲጋራቸው ተመለሱ። አያቴ ይህንን ሲያዩ ከጎነበሱበት ሳይነሡ ለአባ ኃይሌ፣ «ወጋችንን ያውቃሉ፣ ደግ ምልክት ነው» አሏቸው። አስተርጓሚው ከድንኳኑ ወጣ። መሐንዲሱም ወጣና መነጽሩን በመሐረቡ እየወለወለ ቆመ። አያቴ መናገር ጀመሩ። ስለ አባቴ ተናገሩ፣ ስለ እናቴ፣ ስለ ሕፃኗ፣ ስለ ሰማንያው ቀን፤ ድምፃቸው ከድንጋዩ ክብደት የተነሣ ይቆራረጣል። ላባቸው ከአፍንጫቸው ጫፍ መሬት ላይ ሲንጠባጠብ አያለሁ። ያን ሁሉ ንግግር አስተርጓሚው በሦስት ቃል ጨርሶ ለመሐንዲሱ ነገረው። መሐንዲሱ ሰዓቱን አየ። እኔን አየና ከኪሱ ካራሜላ አውጥቶ ሰጠኝ። አንድ ነገር ብሎ ወደ ድንኳኑ ገባ።

«ጣሉት» አለ አስተርጓሚው። «ጣሉትና በሰላም ግቡ።»

ሦስቱ ድንጋይ አከታትሎ መሬት ሲመታ እግሬ ሥር ተሰማኝ። አያቴ ቀና ማለት አቅቷቸው በዚያው ተንበርክከው መሬቱን ሳሙ። «ዕድሜ ይስጥልኝ፣ ልጆችዎን ያሳድግልዎ፣ እጅዎ የነካው ይባረክ» እያሉ ወደ ባዶው የድንኳን በር መረቁ። ሼህ ይመር እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። አስተርጓሚው ምርቃቱን እስከ መጨረሻው ሰማ፤ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ቆሞ ነበር። እኔ ከዚያ በላይ መቆየት አልቻልኩም። በትሩን አያቴ እግር ሥር ጥዬ ሮጥኩ።

እንደዚያ ቀን ሮጬ አላውቅም። ካራሜላው አፌ ውስጥ ይሟሟል፣ ችካሎቹ በጎኔ ያልፋሉ፣ ነጠላዬ የት እንደወደቀ አላውቅም። ስደርስ እናቴ ቃሬዛው ላይ ሆና ከበራፍ ወጥታለች። አራቱ ሰዎች በትከሻቸው ተሸክመዋታል፣ አክስቴ ጃንጥላውን ዘርግታለች። ሕፃኗ በሦስት ጋቢ ተጠቅልላ እናቴ ደረት ላይ ናት። ጸሐይዋ እንዳሰብነው ሞቃ ነበር። አንድ ሃምሳ እርምጃ ሄደው ቢሆን ኖሮ ባሕር ዛፉ ውስጥ ገብተው ድምፄን አይሰሙትም ነበር።

«ጣሉት ተባሉ! ጣሉት ተባሉ!» ብዬ ጮህኩ።

ሌላ ቃል አላስፈለገም፤ ሁሉም ገባው። እልልታው ቀለጠ። ተሸካሚዎቹ ቃሬዛውን አወረዱ፣ አንደኛው አንሥቶ ወደ ላይ ወረወረኝ። አክስቴ ብቻ ጃንጥላዋን አላጠፈችም። «ቢሆንም ከመንገድ ከወጣን አይቀር ለጥቂት ቀን እኔ ጋ ብትሆን ምናለ?» አለች። እናቴ ሳቀች፤ ከየካቲት ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው። «ተምሬ ስሸሽ ቢያዩኝ ምን ይላሉ? የማረን ሰው እንደ መስደብ አይሆንም?» አለቻት። አያቴም ደርሰው ያንኑ አሉ። ማረኝ ብሎ ለምኖ፣ ጣለው ሲባል ጥሎ፣ ከዚያ በኋላ ዕቃ ማሸሽ ነውር ነው፤ «ቃሉን አላመንኩትም» ማለት ነው። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» የምትለዋን ተረታቸውን ጨመሩበት፤ መሐንዲሱ የተናገረውን አያጥፍም ለማለት ነው። ሰው ሁሉ ትክክል ነው አለ። አክስቴም አፈረችና ጃንጥላዋን አጠፈች።

ከሰዓት በኋላ ዕቃችንን ከጌጃ ሰፈር መልሰን ስናጓጉዝ ዋልን። እናቴ ሕፃኗን ምሕረት አለቻት። አያቴ አመድ በቁና ይዘው ወጡና ቧንቧው በቤታችን ዙሪያ እንዴት እንደሚጎብጥ ለቆፋሪዎቹ እንዲቀልላቸው መሬቱ ላይ በአመድ መስመር አሰመሩ። ስመለከታቸው ሁለት ጊዜ አጥፍተው እንደገና ያሰምራሉ፤ ጌሾውንም ጎመኑንም በማይነካበት በኩል መሆን አለበት። ለሠራተኞቹ ብላ ቆሎ የቆላችው ያቺው አክስቴ ናት።

ጎህ ሲቀድ መጡ። ሜዳው በውርጭ ነጥቷል፣ ከአፋችን ጭስ ይወጣል። አያቴ ከሁሉም ቀድመው ተነሥተው ሞሰቡን ይዘው ደጅ ቆመው ነበር። ቆፋሪዎቹ ዶማና ዲጂኖ ይዘዋል፤ ከኋላቸው አስካሪዎችና አንድ ቀይ ፊት ያለው ፈረንጅ ካቦ አሉ። አያቴ እያንዳንዱን እጅ ነሥተው፣ «እንደምን አደራችሁ ልጆቼ፣ መታጠፊያው እዚህ ጋ ነው፤ አመዱን ተከተሉ» አሉ። ቆፋሪዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንድ ጎፈሬያም ባላገር ቆሎውን ዘግኖ ወደ አፉ ሊያደርግ የነበረውን እጁን መልሶ ሞሰቡ ውስጥ ገለበጠው።

«አባቴ፣ እኛን ያሉን ቀጥ ነው» አላቸው።

አያቴ ሳቁ፤ ገና አልሰማም ብለው አሰቡ። «ትናንት ጣሉት ተብለናል እኮ ልጄ። ጠይቃቸው።» ባላገሩ ወደ ካቦው አላየም፣ ወደ መሬት ነው ያየው። ከዚያ ገመዱ ጣሪያችን ላይ ተወረወረ። አያቴ እየዞሩ፣ «ያ ልጅ የታለ? ጣሉት ያለን ልጅ ይጠራ! እሱ ይንገራችሁ!» ይላሉ። ልጁ አልመጣም ነበር። የጣሪያው ምሰሶ ሲሰበር የስንት ዘመን ጥቀርሻ እናቴና ሕፃኗ ላይ ወረደ። እናቴ በባዶ እግሯ፣ ፊቷ ጠቁሮ፣ ልጅቱን በነጠላዋ ጠቅልላ ውርጩ ላይ ወጣች። ሦስቱ ጋቢዎች ውስጥ ቀሩ። እገባለሁ ስል አንድ አስካሪ በሰደፍ ደረቴን ገፋኝ።

ቃሬዛው ትናንት ለባለቤቱ ተመልሷል። እናቴ ጌጃ ሰፈር በእግሯ ሄደች። አያቴ ጋቢያቸውን አልብሰዋት በአንድ ጎን ደግፈዋታል፣ እኔ ቀሚሷን ይዣለሁ። በየመንገዱ ቆማ ሕፃኗን ታያለች። ሕፃኗ አላለቀሰችም፤ እኛም ደህና ናት ብለን ተጽናናን።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ሞተች። ማስነጠስ ብቻ ነበር የጀመራት፣ ቀጥሎ መጥባት ተወች። አባ ኃይሌ ሰማንያው ሳይደርስ ሊያጠምቋት መስቀላቸውንና ጠበላቸውን ይዘው በቅሎ ላይ እየተጣደፉ ነበር፤ ሲደርሱ አልቋል። ክርስትና ያልተነሣ ሕፃን ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ አይቀበርም። አባ ኃይሌ ራሳቸው ይህን ለእናቴ መንገር ነበረባቸው፤ ሲነግሯት ከእሷ ይልቅ እሳቸው አለቀሱ። አያቴ ልጅቱን ታቅፈው ወደ ልደታ፣ ወደ ድሮው ጓሯችን ተመለሱ። ቤታችን በነበረበት ላይ ጉድጓዱ ቀጥ ብሎ አልፏል። አያቴ ከጌሾው ሥር በእጃቸው መጫር ሲጀምሩ ያ ባላገር ከጉድጓዱ ወጥቶ በዶማው ቆፈረላቸው። ካቦው ከዚያ ማዶ ይጮኽበታል፣ እሱ አልሰማውም። ሲጨርስ ዶማውን በሣር ጠርጎ ተመልሶ ወደ ጉድጓዱ ገባ።

አያቴ ከዚያ በኋላ ማንንም አላስታረቁም። ሰው ሲመጣባቸው፣ «ሌላ ሽማግሌ ፈልጉ፣ እኔ ድንጋይ ማስወረድ አላውቅበትም» እያሉ ወደ ኮርቻቸው ያቀረቅሩ ነበር። በሁለት ዓመቱ ሞቱ። እናቴ ግን ረጅም ዕድሜ ኖራለች፤ አልመረረችም፣ አልከፋችም፣ አንድ ቀን እንኳ አልወቀሰችኝም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ አሥራ አምስት ዓመት ሆኖኝ ፀጉሬን ስትሠራኝ፣ ድንገት እጇን አቆመችና፣ «ያን ቀን ትንሽ ቀስ ብለሽ መጥተሽ ቢሆን፣ ጌጃ ሰፈር ደርሰን ነበር» አለች። ከዚያ ጉንጉኑን ቀጠለች። ክፋት አልነበረበትም፤ ስለ አየሩ እንደ መናገር ነው የተናገረችው። ስድብ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። እስከ ዛሬ ለሰው የምሥራች ይዤ አልሄድም። ልጆቼ ፈተና ሲያልፉ እንኳ ሌላ ሰው እንዲነግረኝና እንዲያወራው ጠብቄ ነው የምስቀው።

ጣሊያን ከወጣ ከብዙ ዓመት በኋላ ከባለቤቴ ጋር ቤት ሠርተን ውሃ ለማስገባት ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ጠረጴዛው ጀርባ የተቀመጠውን ሰው ፊቱን አላወቅሁትም፤ ሸብቷል፣ ወፍሯል። «ይቀመጡ እመቤቴ» ሲለኝ ግን አወቅሁት፣ በማር አማርኛው፤ ያ አስተርጓሚ ነው። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሰዎች እስኪወጡ ጠበቅሁ።

«ጌታዬ፣ በጣሊያን ጊዜ ልደታ ላይ ሦስት ሽማግሌዎች ድንጋይ ተሸክመው መጥተውብዎት ነበር። ያስታውሷቸዋል?» አልኩት።

ይክደኛል ብዬ ነበር፤ ወይ ይደነግጣል። ብዕሩን አስቀመጠና ከልቡ ለማስታወስ ሞከረ።

«የትኞቹ?» አለኝ።

«እንዴት የትኞቹ?»

«እመቤቴ፣ ከተራራው ሥር ተነሥተን ልደታ እስክንደርስ በረገጥነው መንደር ሁሉ ድንጋይ ተሸክመው ይመጡ ነበር። የመጀመሪያዎቹን እምቢ አልናቸው፤ ሌሊቱን ችካሉን ሁሉ ነቅለው አደሩ፣ ሥራው አንድ ሳምንት ቆመ። መሐንዲሱ ‹ይህ ድንጋይ ምንድን ነው?› ብሎ ጠየቀኝ፣ ወጉን አስረዳሁት። ‹እንግዲያው ሁሉንም ጣሉት በላቸው› አለኝ። እንላቸዋለን፣ መርቀውን ይሄዳሉ፣ ደስ ብሏቸው ይተኛሉ፣ በማግስቱ ሳይነጋ እንደርሳለን። ከዚያ በኋላ አንድም ችካል አልጠፋብንም።» ትንሽ አሰበና ጨመረ፣ «ውሸት ግን አልተናገርኩም። ጣሉት ነው ያልኩት።»

እያሳሳቀ የሚወስደው ውሃ ብቻ ነው ያለው ማነው! በዚያ ሁሉ መንደር የሮጡ ልጆች ታዩኝ፤ በየበራፉ ቃሬዛ ያስወረዱ፣ ዕቃ ያስመለሱ፣ እልል ያስባሉ። ብቻዬን መስሎኝ ነበር የኖርኩት። እሱ ማመልከቻዬን አነበበ፣ ፈረመበት፣ በወር ውስጥ ውሃው ይገባልዎታል አለኝ። ወረቀቱን ተቀበልኩት። ውሃ ያስፈልገኝ ነበር። በወሩም ገባ።

ዛሬ ሌላ ዘመን ነው፤ ሐሰት አልናገርም። የድሮው ልደታ ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ሊሠራ ሲታሰብ ለስብሰባ ጠሩን። ወንበር ነበረ፣ ለስላሳ ነበረ። ወጣቱ ሰብሳቢ፣ «እማማ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?» ብሎ እኔን እንኳ ጠየቀኝ። ቤቴን የሚያፈርስ ሰው ምን ትያለሽ ሲለኝ በዕድሜዬ የመጀመሪያው ነው። ምትክ ሳይሰጠው የሚነሣ የለም፣ ስድስት ወር ጊዜ አላችሁ አለን። ቃሉንም ጠበቀ፤ ይህ የተቀመጥኩበት ቤት ምስክር ነው። እህቴ የተኛችበት የትኛው ብሎክ ሥር እንደሆነ ባላውቅም፣ በረንዳዬ ላይ ጸሐይ ይገባል፣ ጎረቤቶቼ ደጎች ናቸው። ካልታዘልኩ አላምንም አለች አሉ ሙሽራ። ያን ቀን አዳራሹ ሲያጨበጭብ ጎረቤቶቼ ይተቃቀፉ ነበር፤ እኔ ጭብጨባው ሳያልቅ ወጥቼ ቤቴ ገባሁና ዕቃዬን ማሠር ጀመርኩ። ልጄ ከሥራ ሲመለስ ቤቱ ባዶ ሆኖ፣ ጥቅሉ ሁሉ በራፍ ላይ ተደርድሮ፣ እኔ ከላዩ ተቀምጬ አገኘኝ።

«እማዬ፣ ስድስት ወር አላችሁ ብለውናል እኮ» አለኝ።

«ብለውናል» አልኩት።

ስድስቱን ወር ሙሉ ልብሴን በየጠዋቱ ከጥቅሉ እየፈታሁ ለበስኩ፤ ማታ ማታ መልሼ አሠርኩት።